«ይሰማል?»፦ ስለ ተቆራረጠ ድምፅና ስለ ሰሚው ዕዳ

በአማርኛ ስሙ የተጠራ ሰው «አቤት» ብሎ ይመልሳል። የተበደለ ሰውም ወደ ዳኛ፣ ወደ ሹም ወይም ወደ ሸንጎ ቀርቦ «አቤት» ይላል፤ «አቤቱታ» የሚለውም ስም ከዚሁ የተገኘ ነው። አንዱ ቃል ጥሪ መቀበያም፣ ጥሪ ማቅረቢያም ሆኖ ያገለግላል። ቋንቋው ሁለቱን ተግባሮች በአንድ ቃል ማሰሩ የሚያመለክተው አንድ የቆየ ማኅበራዊ ግንዛቤ አለ፤ ይኸውም የሚጠራ ካለ የሚመልስ ሊኖር ይገባል፣ መልስ ያላገኘ ጥሪ ገና አልተፈጸመም የሚል ነው። «የሰሚ ያለህ!» ብሎ የሚጮኽ ሰው በዚያች ቅጽበት የሚለምነው እህል ወይም ገንዘብ አይደለም፤ ጆሮ ነው።

ዛሬ ይህ ጥሪ በአብዛኛው የሚጓዘው በተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ በዋግ ኽምራ ተራሮችና ሸለቆዎች መካከል ስልክ የሚደውል ሰው በንግግሩ መሐል ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሰማል?» ይላል። ቃሉ በጽሕፈት አንድ ቢሆንም በንባብ ሁለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ያደምጣል፣ ጆሮውን ሰጥቷል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ድምፁ ከሌላው ጆሮ ይደርሳል ማለት ነው። መስማትና መሰማት በአንድ ፊደል ተጽፈው የሚለያዩት በአንባቢው አንደበት ብቻ ነው። የተቆራረጠ የስልክ ድምፅ የሚያስነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄም የሚገኘው በዚሁ መለያያ ላይ ነው። ድምፅ ተበላሽቶ ሲደርስ፣ ጠርቶ እንዲሰማ መድከም ያለበት ማን ነው? የተናገረው ነው ወይስ የሚሰማው?

ጥያቄው ለቴክኒክ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድን ብልሽት ከየት ጀምሮ መፈለግ እንደሚገባ የሚወስን ሰው፣ ሳያስበው፣ ወቀሳውን በማን ትከሻ ላይ እንደሚጭን ጭምር ይወስናል። ስለዚህ ጉዳዩ ከመሣሪያው አልፎ ወደ ኅሊና ይገባል።

ተራራውና ጥሪው

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተ ደቡብ የጋዝጊብላና የደሃና ደጋዎች ይነሣሉ፤ በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን ምድሩ እየተቆራረጠ በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ በኩል ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ መልክዐ ምድር ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆመው በመካከላቸው የግማሽ ቀን መንገድ ሊኖር ይችላል። የደጋው ሰው ይህን ርቀት በድምፁ ማቋረጥ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። ከጉብታ ላይ ይወጣል፤ እጁን በአፉ ዙሪያ ያደርጋል፤ የሚጠራውን ሰው ስም አናባቢውን እያስረዘመ ይጠራል፤ ከወዲያ ማዶ «አቤት» የሚል መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ዋናውን መልእክት የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

በአዋጅ ጊዜም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ የሚነገረው የአዋጅ መግቢያ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ለጆሮ ማሳሰቢያ ብቻ ሳይሆን ደንብም ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ ለማይሰማው፣ ሁለተኛው ለሚሰማው ተሰጥቷል፤ ከሁለቱ ከባዱ ደግሞ ሁለተኛው ነው። የሰማ ሰው በመስማቱ ብቻ ባለዕዳ ሆኗልና።

የስልክ ታሪክ ራሱ ከመስማት ችግር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ስልክን የፈጠረው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ነበር፤ እናቱም ሚስቱም የመስማት ችግር ነበረባቸው። መሣሪያው የተፈለሰፈው መስማት እንደ ዋዛ ከማይታይበት ቤት በወጣ ሰው ነው። በኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት መነሻ ተብሎ የሚቆጠረው 1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ስልክ ከሹም ቤት ወጥቶ በእረኛው ኪስ ገብቷል። ለውጡ ታላቅ ነው፤ ሆኖም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ሊገባ ይገባው የነበረው የማድመጥ ሥርዓት በመሣሪያው ፍጥነት አልተስፋፋም።

ከቅርብ ወደ ሩቅ

ድምፅ ሲቆራረጥ ብልሽቱን የሚፈልግ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከእጁ ነው። ስልኩን የያዘው እጅ የድምፅ መቀበያዋን ቀዳዳ ሸፍኗት እንደሆነ ያያል። በብዙ ዘመናዊ ስልኮች በጀርባ ወይም በአናት በኩል ሌላ ቀዳዳ አለች፤ የአካባቢውን ጫጫታ ለይታ የምታስወግደው ሁለተኛዋ ማይክሮፎን ነች፤ እርሷ በጣት ወይም በስልኩ ከቨር ስትከደን መሣሪያው የሰውየውን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያደክመው ይችላል። ቀጥሎ የአቧራ ነገር ይመጣል። በበጋው ደረቅ አፈር የዋለ ስልክ በጆሮ ማዳመጫው ወንፊት ላይ አቧራ ሲጋገርበት ድምፁ ከጉድጓድ የወጣ ይመስላል፤ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ በቀስታ ሲጠረግ ብዙ ጊዜ ይጠራል።

ከዚያ ወዲያ በማነጻጸር መለየት ይገባል። ድምፅ ቀርጾ መልሶ ማድመጥ ማይክሮፎኑ ደኅና መሆኑን ያለ ኔትወርክ ያሳያል። ከሁሉም ሰው ጋር ሲነጋገሩ የሚቆራረጥ ከሆነ ችግሩ ከራስ ስልክ ወይም ከራስ ቦታ ነው፤ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆነ ከዚያኛው ወገን መፈለግ ይገባል። ሲም ካርዱን አውጥቶ ማጽዳት፣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ሲም ካርዱን በሌላ ቀፎ መሞከር፣ ቦታ መለወጥ በየተራ ይከተላሉ። ቦታ መለወጥ ሲባልም የግድ ሩቅ መሄድ አይደለም። በ900 ሜጋኸርዝ የሚጓዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከገደል ተላትሞ የተመለሰው ሞገድ በቀጥታ ከመጣው ጋር ሲጋጭ አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበት ነጥብ ከሚያበረታበት ነጥብ በግማሽ ክንድ ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ ማለት ወይም ፊትን ማዞር አንዳንድ ጊዜ ይበቃል። መካከሉን የሸፈነው ሙሉ ተራራ ከሆነ ግን ያለው መፍትሔ ከጥላው መውጣት ነው፤ የአገሩ ሰውም ይህን ሳያስተምሩት አውቆ ከጉብታው ይወጣል።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል፤ ይኸውም መጮኽ ነው። ከሸለቆ ሸለቆ የሚጠራ ሰው መጮኹ ትክክል ነበር፤ በአየር የሚጓዝ ድምፅ በርቀት እየሞተ ስለሚሄድ ጉልበት ያስፈልገዋል። በስልክ ግን ድምፅ ወደ ቁጥር ተለውጦ ይጓዛል። ሹክሹክታም ጩኸትም ማማው ዘንድ የሚደርሱት በአንድ ዓይነት ሞገድ ነው። ጩኸት ማይክሮፎኑን ከዐቅሙ በላይ ያስጨንቀውና ቃሉን ይሰነጥቀዋል እንጂ አያራምደውም። ከመጮኽ ይልቅ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ለይቶ፣ ዋናውን ነገር አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ በአንድ ደንብ ይጠቃለላል፤ ፍተሻ ከቅርብ ይጀምራል። ደንቡ ጥሩ የግብረ ገብ ትምህርትም አለው። ሰው ሩቁን ከመውቀሱ በፊት እጁን እንዲያይ ያስገድደዋል። ችግሩ የሚመጣው የፍተሻው ቅደም ተከተል የፍርድ ቅደም ተከተል ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ከእጅ የሚጀመረው እጅ ቅርብ ስለሆነ ነው፤ እጅ ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም።

የኔትወርክ መስመሮች የሚለኩት ምንን ነው?

በስልኩ ግንባር ላይ እየረዘሙ የሚደረደሩት አራት ወይም አምስት መስመሮች የኔትወርክን ብርታት እንደሚያሳዩ ሁሉም ያውቃል። ምን ያህል ሰው እንደሚያስተውለው የማይታወቀው ግን መስመሮቹ የሚለኩት አንዱን አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። የሚያሳዩት ስልኩ የማማውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማ ነው፤ ማማው ስልኩን ምን ያህል እንደሚሰማ አያሳዩም። መስመሮቹ ሞልተው ሳለ ተናጋሪው የማይሰማበት ጊዜ የሚኖረው ስለዚህ ነው። «ይሰማል» የሚለው ቃል ላልቶ እውነት ሆኖ ጠብቆ ሐሰት የሚሆንበት ሁኔታ ማለት ይህ ነው።

ምክንያቱ የዐቅም ልዩነት ነው። ማማው ብዙ ጊዜ በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ይናገራል። የእጅ ስልክ በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ በ900 ሜጋኸርዝ ቢበዛ 2 ዋት፣ ከዚያ በኋላ በመጡት ትውልዶች ደግሞ 0.2 ዋት ያህል ብቻ አለው። ማማው ከከፍታ ሆኖ ሲናገር ከታች ያለው በቀላሉ ይሰማዋል፤ ከታች ያለው ሲመልስ ግን ከላይ ያለው በጭንቅ ይሰማዋል። ስልኩ ከማማው በራቀና በሸለቆ በተሸፈነ መጠን ያለውን ጉልበት ሁሉ አውጥቶ ስለሚናገር ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መብራት ካለበት ስፍራ እርቆ የሚኖረው ሰው ባትሪ ከከተሜው ባትሪ ቀድሞ ይደክማል ማለት ነው።

መሐንዲሶች ይህን የዐቅም መበላለጥ ሲመለከቱ የወሰዱት መፍትሔ ልብ ሊባል ይገባዋል። ደካማውን ስልክ «ጉልበት አምጣ» አላሉትም፤ ሊያመጣ አይችልምና። ያደረጉት ለማማው የተሻለ ጆሮ መስጠት ነው። ረዣዥም አንቴናዎችን፣ ደካማ ሞገድን ሳያቆሽሹ የሚያጎሉ ማጉያዎችን ሰጡት። እንዲሁም አንድን ጥሪ በሁለት መንገድ ተቀብሎ፣ አንደኛው ሲደክም ከሁለተኛው ጋር አዳምሮ እንዲሰማ አደረጉት። በጥሩ ኔትወርክ ውስጥ የማድመጥ ድካም የተሰጠው ለኃይለኛው ወገን ነው። ይህ የተደረገው ለምግባር ተብሎ ሳይሆን ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው፤ ሆኖም አሠራሩ ለቢሮና ለሸንጎ የሚሆን ምሳሌ ይዟል።

አንድ ሁኔታ በሐሳብ ይቀረፅ። ከዝቋላ ቆላ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጉብታ ላይ ወጥተው ሰቆጣ ወዳለ ጽሕፈት ቤት ይደውላሉ። የከብት በሽታ ገብቷል። በዚህኛው ጫፍ ያለው ወጣት ሠራተኛ ከማማው አጠገብ፣ ባትሪው በተሞላ ስልክ፣ ከወንበር ላይ ሆኖ ያደምጣል። «አባቴ፣ አይሰማም፤ ጮክ ብለው ይናገሩ!» ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ስልክዎን ያስተካክሉና መልሰው ይደውሉ» ብሎ ይዘጋል። ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም ሐሰት አይደለም፤ በእውነት አልተሰማም። ነገር ግን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ሦስት ሸክሞችን ከራሱ አውርዶ በሽማግሌው ላይ ጭኗል። አንደኛ፣ ጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ስለሆነ ሒሳቡን እንደገና ጭኖባቸዋል። ሁለተኛ፣ ሊያልቅ የተቃረበውን ባትሪ ጭኖባቸዋል። ሦስተኛ፣ ብልሽቱ የእርሳቸው ነው የሚለውን ፍርድ ሳይመረምር ጭኖባቸዋል። «ቁጥርዎን ይዤዋለሁ፤ እኔ እደውላለሁ» ቢል ኖሮ ከሦስቱ ሁለቱ ወዲያው ይቀልሉ ነበር፤ ሦስተኛውም ሳይፈረድ ይቆይ ነበር።

ባዶው በምን ይሞላል?

የስልክ ድምፅ ሙሉ ድምፅ አይደለም። የተለመደው የስልክ አሠራር ከሰው ድምፅ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። የ«ሰ» ፉጨት ዋና ጉልበቱ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ ከደጃፉ ይቀራል፤ በዚህ ምክንያት «ሰ» እና «ፈ» በስልክ ይመሳሰላሉ። «ሠራ» እና «ፈራ» የሚለዩት በዚችው ፉጨት ነው። ዛሬ እስከ 7,000 ኸርዝ የሚያሳልፍ የተሻለ አሠራር አለ፤ እንዲሠራ ግን ሁለቱም ስልኮችና በመካከላቸው ያለው ኔትወርክ ሊችሉት ይገባል።

ከዚህም ሌላ በተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፅ የሚላከው እየተቆረሰ ነው፤ አንዱ ቁራሽ 20 ሚሊ ሴኮንድ፣ ማለትም የሴኮንድ አምሳኛ እጅ ይሆናል። አንድ ቁራሽ በመንገድ ሲጠፋ ተቀባዩ ስልክ ባዶውን ክፍት አይተወውም። ቀድሞ የደረሰውን ቁራሽ ደግሞ ያሰማል፤ መጥፋቱ ከቀጠለ ግን እያደከመ ከሴኮንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ጸጥ ይላል። ተናጋሪው ዝም ባለ ጊዜም ተቀባዩ ስልክ መሥመሩ የሞተ እንዳይመስል ቀጭን ሰው ሠራሽ ሽውታ ያሰማል። ሰው የሰማው የሚመስለው ነገር ከፊሉ ያልተነገረ ነው።

የሰው አእምሮም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የጎደለውን ቀድሞ በሚያውቀው ወይም በሚመኘው ይሞላል። ከቀበሌ የሥራ ዘገባ የሚጠብቅ ኃላፊ በተቆራረጠ መሥመር «ሰዉ ፈርቷል» ሲባል «ሰዉ ሠርቷል» ብሎ ሊሰማ ይችላል። መሥመሩ የወሰደበት አንዲት ፉጨት ብቻ ነው፤ የቀረውን ያሟላው ፍላጎቱ ነው። ከዚያ በኋላ በመዝገብ የሚሰፍረው ሥራ ነው፤ ፍርሃቱ ግን በቀበሌው ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከልማድ የሚወጣው ጥንቃቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሰሙትን መልሶ ለተናጋሪው መንገር ነው። «ሰዉ ሠርቷል ነው ያልከኝ?» ብሎ መጠየቅ የሴኮንዶች ሥራ ነው፤ ሳይጠይቁ መቅረት ግን ሙሉ ቀበሌን ዝም ሊያሰኝ ይችላል።

በዋግ ኽምራ ይህን የሚያከብደው የቋንቋ ሁኔታ ነው። የኽምራ ሕዝብ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኽምጣና ነው፤ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን፣ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በአማርኛ የሚደውለው ሰው ብዙ ጊዜ በሁለተኛ ቋንቋው እየተናገረ ነው፤ የሚመልስለትንም በሁለተኛ ቋንቋው ያደምጣል። ጫጫታና የድምፅ መጉደል ደግሞ በአፍ መፍቻው ከሚያደምጥ ይልቅ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያደምጠውን አብዝቶ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። በወዲህኛው ጫፍ ያለው ሰው የመሥመሩን ጉድለት የሰውየው አነጋገር ጉድለት አድርጎ የመውሰድ ፈተና ይገጥመዋል። «አማርኛው አይገባም» ይላል፤ ያልገባው ግን አማርኛው ሳይሆን በየመካከሉ የጠፋው ቁራሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የመሣሪያ ብልሽት በሰው ክብር ላይ ይመዘገባል። «ጩኸቴን ቀሙኝ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ በደል የተስማማ ነው፤ ያልተሰማው ሰው እንደማይሰማ ሆኖ ይቆጠራልና።

ብልሽት፣ ጥፋትና ዕዳ

እስካሁን የታየውን ለማጥራት ሦስት ቃላትን መለየት ይገባል። ብልሽት የነገር ሁኔታ ነው፤ መሥመሩ ተበጥሷል፣ ማማው መብራት አጥቷል፣ ቀዳዳው በአቧራ ተደፍኗል ሲባል ማንም ገና አልተከሰሰም። ጥፋት የሰው ተግባር ነው፤ ማድረግ የነበረበትን ያላደረገ ወይም ማድረግ የማይገባውን ያደረገ ሰው ይጠየቅበታል። ዕዳ ግን ከሁለቱም ይለያል። ምንም ጥፋት ያልሠራ ሰው ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። በመንገድ ወድቆ የተገኘን ሰው የማንሣት ዕዳ የሚያርፈው በጣለው ላይ ብቻ ሳይሆን ሊያነሣው በሚችለው መንገደኛ ላይ ነው።

አንድ ተከራካሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ተራራውን ማንም አልሠራውም፤ የአገሪቱ ሀብት ውስን ነው፤ ገበሬውም ቢሆን ስልኩን በንጽሕና መያዝና ቃሉን አስተካክሎ መናገር ይገባዋል። ሁሉን በሰሚው ላይ መጫን ተናጋሪውን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው።» በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። ከራሱ የሚጠበቀውን ሳያደርግ ሌላውን የሚወቅስ ሰው ክብሩን አይጠብቅም። በሰቆጣም በዋግ ቀበሌዎችም ስልክ ያለው ሁሉ እጁን፣ ቀዳዳውን፣ ሲሙን የመመርመር ዕውቀት ሊያገኝ ይገባዋል፤ ዕውቀቱን ማካፈልም የመምህራን ፈንታ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ጥፋትንና ዕዳን ያደባልቃል። ተራራው የማንም ጥፋት አለመሆኑ ዕዳውን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ቂሙን ነው። ከቅርብ መጀመር የፍተሻ ደንብ ነው፤ ዕዳ ግን የሚለካው በቅርበት ሳይሆን በዐቅም ነው። ቀዳዳዋን መጥረግ የሚችለው ባለ ስልኩ ስለሆነ ይጥረጋት። ማማ መትከል፣ ለማማው የማይቋረጥ ኃይል መስጠት፣ በተሸፈነው ሸለቆ ሌላ ማማ መጨመር የሚችለው ግን ባለ ስልኩ አይደለም።

በዚህ ረገድ በኔትወርክ አሠራር ውስጥ እንደ ተፈጥሮ ተቆጥረው የሚታለፉ የሰው ውሳኔዎች አሉ። በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ጥሪ በሚበዛበት ሰዓት አንዱን የድምፅ መሥመር ለሁለት ከፍሎ ሁለት ጥሪዎች እንዲካፈሉት ማድረግ ይቻላል፤ የሚናገረው ሰው ቁጥር በእጥፍ ያድጋል፤ የእያንዳንዱ ድምፅ ጥራት ይቀንሳል። ብዙዎች በደካማ ድምፅ ይነጋገሩ ወይስ ጥቂቶች በጠራ ድምፅ? ለገበያ ዋጋ ጠያቂ የመጀመሪያው ይሻላል። በምጥ የተያዘች ሴት ያለችበትን ጎጥ ስም ለአምቡላንስ ለሚነግረው ሰው ግን የስሙ አንዲት ፊደል መጥፋት ሕይወት ያስከፍላል። ውሳኔው ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የሰው ውሳኔ ነውና ምክንያቱ ሊጠየቅና ሊነገር ይገባዋል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአገልግሎት ጥራትን የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ለዚሁ ነው። ስለ ጥራት «አቤት» ማለት የተጠቃሚው መብት ሲሆን፣ ለአቤቱታው «አቤት» ብሎ መመለስ ደግሞ የተቋማቱ ግዴታ ነው።

የዋግ ሕዝብ መሥመር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በቅርቡ አይቶታል። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተጀመረው ጦርነት ወደ አካባቢው በዘለቀ ጊዜ ስልክና መብራት ተቋርጠው፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች ቤተሰባቸው በሕይወት መኖሩን ሳያውቁ ወራት ያሳለፉበት ሁኔታ ነበር። በዚያ ጊዜ የተቆራረጠ ድምፅም እንደ ትልቅ ጸጋ በተቆጠረ ነበር። ይህ ግን ከዚያ ወዲህ በተቆራረጠ ድምፅ እንዲረኩ ለመጠየቅ ምክንያት አይሆንም።

ደግሞም መሥመር ብቻውን እንደማይበቃ ከዚያ የቆየ ታሪክ ይመሰክራል። ዋግ አንዱ አውራጃ የነበረበት የያኔው የወሎ ጠቅላይ ግዛት በ1965 ዓ.ም. በረኀብ ሲመታ ወሬው አልጠፋም ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አዲስ አበባ ውስጥ አሳይተዋል። መልእክቱ ደርሶ ነበር፤ ያልተገኘው ሊሰማ የፈቀደ ጆሮ ነው። ዓለም የሰማው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ከታየ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ አንቴና የሚያስተካክል ባለሙያ ቢጠራ ምንም ብልሽት ባላገኘ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል በከተማይቱ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። በአንድ ከተማ ስም ቃል መግባት ከዚያች ከተማ የሚመጣውን ድምፅ የመስማት ግዴታንም ይጨምራል፤ የሕፃኑ ክብደት መቀነሱን ከጎጥ የምትደውለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ይሰማል?» እያለች ነውና።

ለመምህሩ፣ ለካድሬውና ለከያኒው

ይህ ሁሉ ስለ ስልክ የተባለው ጆሮ ሥራቸው ለሆነ ሰዎች በተለይ ይመለከታል። በመምህሩ ክፍል በኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ልጅ አለ። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ያለው መምህር ድምፁ ለሁሉም እንደሚደርስ ያምናል፤ የኔትወርክ መስመሮቹ ለእርሱ ሞልተዋል። የልጁ ድምፅ ግን ወደ ፊት አይደርስም። ልጁ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ ከማዘዝ ይልቅ መምህሩ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቢሄድ የሚበልጠው ድካም በሚችለው ላይ ያርፋል።

ካድሬው ብዙ ጊዜ የሚለካው ምን ያህል እንደተናገረና መልእክቱ ለስንት ሰው እንደደረሰ ነው። ይህ መለኪያ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያሳያል። ከሕዝቡ የመጣው ቃል ሳይሸራረፍ ወደ ላይ ደርሷል ወይ የሚለው ሌላ ልኬት ያስፈልገዋል፤ እርሱም የሚገኘው የሰሙትን መልሶ በመጠየቅ፣ የጎደለውን በምኞት ባለመሙላት፣ ያልሰሙትን «አልሰማሁም» ብሎ በማመን ነው። አለመስማትን ማመን ውርደት አይደለም፤ ያልሰሙትን እንደሰሙ አድርጎ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን ሐሰት ነው።

ከያኒው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ፈተና አለበት። ተዋናይ በመጨረሻው ረድፍ ላለው ተመልካች ድምፁን እንዲያደርስ ይሠለጥናል፤ ባለቅኔም ቃሉ እንዲሰማ ይደክማል። የጥበብ ሥራ ግን ከመናገር በፊት ማድመጥ ነው። የዋግን ሰው በመድረክ ላይ የሚያቆም ደራሲ በኽምጣና የተነገረውን፣ በተቆራረጠ አማርኛ የደረሰውን፣ በመካከሉ ጸጥ ያለውን ሁሉ ከራሱ ሽውታ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ዝምታውን በራሱ ቃል ሞልቶ «የሕዝብ ድምፅ ይኸው» የሚል ከያኒ፣ የጠፋውን ቁራሽ በቀድሞው ቁራሽ ከሚሞላው ቀፎ አይሻልም። ቀፎው እንኳ ከሴኮንድ ሲሶ በኋላ ያቆማል።

በዋግ ኽምራ ተራሮች የስልክ ድምፅ ነገ ከዛሬ የጠራ እንደሚሆን ተስፋ ማድረግ ይቻላል። ማማዎች ይጨመራሉ፤ የተሻሉ ቀፎዎች ይገባሉ፤ የ«ሰ» ፉጨትም ከደጃፍ መቅረቷ ያበቃል። ይሁን እንጂ መሥመሩ በጠራ ጊዜ ሰሚው ያልሰማበትን ምክንያት በኔትወርክ ላይ ማሳበብ አይችልም። እስከዚያ ድረስም ዕዳው አይጠብቅም። ከጉብታው ላይ ቆሞ «ይሰማል?» ለሚለው ሰው በጥሩው ጫፍ ያለው ሰው የሚመልሰው ጥንታዊው መልስ አለው፤ «አቤት» ማለት፣ የሰማውን መድገም፣ መሥመሩ ሲቋረጥ ራሱ መልሶ መደወል፣ የሰማውንም ላልሰማ ማሰማት።